ከቱቦው በታች ያለው ማሳ

የገጠር መንገድ ሲመረቅ ከመድረክ የሚሰማው ቁጥር የታወቀ ነው። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተሠራ፣ ይህን ያህል ቀበሌ ተገናኘ፣ ይህን ያህል ብር ወጣ ይባላል። ሪባኑ ይቆረጣል፣ እንግዶቹ ወደመጡበት ይመለሳሉ፣ ክረምቱም ይገባል። ከተራራው የወረደው ጎርፍ በመንገዱ የላይኛው ቦይ ተሰብስቦ፣ በቱቦ አልፎ፣ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ይዘረገፋል። ይህን ገበሬ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አናገኘውም። ለመንገዱ ተብሎ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ስላልተቆረሰ የካሳ መዝገብ አያውቀውም፤ ቱቦው በዲዛይኑ መሠረት በትክክል ስለተቀበረ የመሐንዲሱ መዝገብም አያውቀውም። ገበሬን ከገበያ የሚያገናኝ መንገድ ሲሻሻል ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት ጥያቄ «ውሃውን የት ይጥለዋል?» የሚለው ነው እላለሁ። መንገድ በመሬቱም በሰዉም ላይ የሚያመጣው ጣጣ በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ነገሩ መንገድ አይሠራ ማለት እንዳይመስል ጥቅሙን አስቀድሜ ልናገር። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ በጠቅላላው 26,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከ110,000 አልፏል። ከጭማሪው ትልቁን ድርሻ የያዘው በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረውና በተለምዶ «ዩራፕ» የሚባለው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው። ጣሰው ወልደሃና የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በ15 የኢትዮጵያ ገጠር መንደሮች የሚኖሩ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትሎ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 መቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስና የፍጆታ ዕድገትን በ16.3 በመቶ ከፍ እንደሚያደርግ አሳይቷል። ከዚህም ይበልጥ የሚገርመኝ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ማዳበሪያ የተደረገው ሌላ ጥናት ነው። ከማከፋፈያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚኖር ገበሬ ማዳበሪያውን እስከ ቤቱ ለማድረስ የሚከፍለው፣ ያው ማዳበሪያ ከወደብ ተነስቶ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ማከፋፈያው እስኪደርስ ከሚያስወጣው ጋር የሚተካከል ሆኖ ተገኘ። የአህያ ኪራዩ፣ የባከነው የሥራ ቀን፣ ምልልሱ ሲደመር የመጨረሻዋ አሥር ኪሎ ሜትር የባሕር በርን ያህል ትርቃለች። እንዲህ ባለ አገር መንገድን የሚቃወም ሰው ካለ ኩንታል ተሸክሞ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ውሃው። መንገድ ማለት ውሃ የማይጠጣ መሬት ማለት ነው። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ኪሎ ሜትር የሆነ መንገድ ገረጋንቲ ለብሶ በሮለር ሲጠቀጠቅ፣ 6 ሄክታር መሬት ከመጠጣት ታገደ ማለት ነው። አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል በዚህ ገላ ላይ ብቻ የሚያርፈው ውሃ 1,800 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1.8 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ይህም ቢሆን ትንሹ ነው። ዋናው ነገር መንገዱ የተራራውን ወገብ ቆርጦ ማለፉ ነው። ቀድሞ በመቶ ቦታ ተበታትኖ፣ በእርከንና በድንበር ሣር እየተያዘ፣ ግማሹም እየሰረገ ይወርድ የነበረው ውሃ በላይኛው ቦይ ይታገድና አንድ ላይ ይነዳል። አንዳንዴ የራሱን ተፋሰስ ትቶ ወደ ሌላ ተፋሰስ ይሻገራል። ከዚያ በአንዲት ቱቦ አፍ ይተፋል። ቤልጅየማዊው የጂኦግራፊ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ የመረመሩት ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 እና 1994 ከተሠራው የመቀሌ–አድዋ መንገድ ግርጌ ቀድሞ ያልነበሩ ቦረቦሮች ተፈጥረው አገኙ፤ አብዛኞቹም የሚነሱት ከቱቦዎችና ከሌሎች የውሃ መውጫዎች ሥር ነበር። ምክንያቱ የዝናቡ መብዛት አልነበረም። መንገዱ ውሃውን ስለሰበሰበውና አቅጣጫውን ስላዞረው ነው። ቦረቦር ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ወደ ላይ እየበላ ይሄዳል፤ የዘንድሮው ስንጥቅ ከጥቂት ክረምት በኋላ በሬ የማይሻገረው ገደል ይሆናል።

መሐንዲሶቻችን ስለ ውሃ አያስቡም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አብዝተው ያስባሉ። ቱቦ ሲመረጥ በ10 ወይም በ25 ዓመት አንዴ የሚመጣው ጎርፍ ይሰላል፣ መጠኑም በዚያ ይወሰናል። ስሌቱ የሚጠይቀው ግን ውሃው መንገዱን ሳይጎዳ እንዴት ይለፍ የሚለውን ነው። ካለፈ በኋላ የሰው ጉዳይ ይሆናል። ማኅበራዊው ጉዳት የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው፤ የሕዝብ የሆነው ጥቅም ወጪው በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ በዋናነት የሚሰላው ለሚለቀቀው መሬትና በላዩ ላለው ንብረት ነው። በቀበሌ መንገዶች ላይ፣ ሥራው «የሕዝብ ተሳትፎ» ስለሚባል፣ ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ወደ መልካም ፈቃድ ያዘነብላል። ከቱቦው በታች ያለው ገበሬ ግን መሬቱ አልተወሰደበትም፤ የሄደበት አፈሩ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ የተሻለ ነገር ይላል። በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ብቻ ሳይሆን ኑሮው የተነካበትም ሰው ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት አለው። አፈሩ በጎርፍ የተጠረገበት ገበሬ ኑሮው አልተነካም የሚል ደፋር ያለ አይመስለኝም። መብቱ በወረቀት ላይ አለ፤ የሚለካለት ቅጽ የለም እንጂ።

በዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ የድህነት ነው። ገንዘባችን ትንሽ ነው፣ መንገድ ያላገኘው ሕዝብ ብዙ ነው፤ መጀመሪያ ሁሉም ዘንድ መንገድ ይድረስ፣ ማሳመሩ በኋላ ይመጣል ይባላል። ሐሳቡን በቀላሉ መናቅ አይገባም። በምጥ የተያዘችን ሴት በቃሬዛ ለሚሸከም ቀበሌ ስለ ቦይ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ተቃውሞው ውሃን ማስተናገድ የመንገዱ ጌጥ እንደሆነ አድርጎ ይቆጥራል። የጠጠር መንገድን ከጎማ ይልቅ የሚገድለው ውሃ ነው። ቱቦው የፈጠረው ቦረቦር ወደ ላይ እየበላ ሲመጣ የሚደርሰው ከመንገዱ ትከሻ ነው፤ በማሳው የጀመረው መናድ በመንገዱ ያልቃል። በየዓመቱ ግሬደር እየተላከ የሚጠገነውም ይኸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ሽያጭ ላይ ከሚሰበስበው ገንዘብ ለጥገና ይከፍላል፤ የቀበሌ መንገድ ግን ከዚያ ማዕድ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነው። ጥገና የማይደርሰው መንገድ ከሌሎቹ ይልቅ ውሃውን ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። ከቱቦው አፍ በታች የሚደረደር ድንጋይ፣ ውሃውን በሁለትና በሦስት የሚከፍል መበተኛ፣ አንድ ትልቅ ቱቦ በሚቀበርበት ቦታ ሦስት ትንንሽ ቱቦ መቅበር፣ እነዚህ ሁሉ መንገዱ ገና ሲቀየስ ከተወሰኑ ወጪያቸው ከተናደ በኋላ ከሚጠይቀው ጋር አይወዳደርም።

ይህ ደግሞ በምኞት ያለ ነገር አይደለም። በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፎ በትግራይ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል፣ የመንገድን ጎርፍ ለእርሻና ለጉድጓድ ውሃ የማዋል ሥራ ተሞክሯል። ቱቦው የሚተፋው ውሃ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ይመራል፤ ገረጋንቲ የወጣበትና ክፍቱን የተተወው ጉድጓድ ውሃ ማቆሪያ ይሆናል፤ በአሸዋማ ወንዝ ላይ የሚሠራው መሻገሪያ አሸዋውን ከነውሃው ይዞ የሚያቆይ ግድብ እንዲሆን ተደርጎ ይገነባል። በኬንያ ኪቱይና ማኩዌኒ ገበሬዎች ራሳቸው ከመንገድ ቦይ ውሃ ጠልፈው ማሳቸውን ያጠጣሉ። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚሁ መመሪያ አሳትሟል። ሞኝነቱ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ በጥር ወር ሕዝቡን አስወጥቶ ውሃ ለማቆር እርከን ያሠራል፤ የመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ያንኑ ውሃ ጠራርጎ የሚያስወጣ ቦይ ይቆፍራል። ሁለቱም ዕቅዳቸውን ከመቶ በላይ አሳክተናል ብለው ሪፖርት ያቀርባሉ።

ሌላው ስጋት ደን ነው። መንገድ ሲገባ መጥረቢያና ከሰል ጫኝ ተከትሎ ይገባል የሚለው ፍርሃት መሠረት አለው፤ በካፋና በሸካ የቡና ደኖች ዙሪያ ለሚሠራ መንገድ እኔም እፈራለሁ። ነገር ግን ማስረጃው አንድ ወጥ አይደለም። በህንድ ከ100,000 በላይ የገጠር መንገዶችን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች እነዚህ ትናንሽ መንገዶች በደን ላይ ይህ ነው የሚባል ተጽዕኖ ሳያሳድሩ፣ ትላልቆቹ አውራ ጎዳናዎች ግን ብዙ ደን ማሳጣታቸውን አግኝተዋል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ደግሞ የከሰል ገበያ ገበሬው በማሳው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እንዲተክል ገፋፍቶት በዛፍ የተሸፈነው መሬት ጨምሯል። በአንድ ባዕድ ዝርያ የተሞላ ማሳ ደን ይባል አይባል ሌላ ክርክር ነው። ስለዚህ የደኑ መልስ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጥንታዊ ደን ባለበት መንገዱ ዞሮ ይሂድ፣ ካልሆነም ይቅር። ተዳፋት መሬት ላይ ግን ውሃ ሁሉም ቦታ ወደ ታች ነው የሚሄደው፤ ደን የሌለው ቀበሌ እንኳ ከዚህ ጣጣ አያመልጥም። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማም የሚያመልጠው ይኸው ነው። እያንዳንዱ የ10 ኪሎ ሜትር መንገድ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ የአሥር ሺዎች ኪሎ ሜትር ድምር ግን በማንም ጠረጴዛ ላይ አይቀርብም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ከገጠሩ ራሱ የሚመጣው ነው። ውሃው ጥፋት እስከሆነ ድረስ ባለቤት የለውም፤ ጥቅም ሲሆን ግን የላይኛውና የታችኛው ማሳ ባለቤቶች ይካሰሱበታል። ኩሬ መኖሪያ አጠገብ ከተሠራ ትንኝ ያራባል፣ ሕፃን ይገባበታል። ሁለቱም እውነት ነው። ኩሬው ከቤት ይራቅ፣ ለቆላ ቀበሌ ከኩሬ ይልቅ ቶሎ የሚሰርግ ጉድጓድ ይመረጥ። ስለ ጠቡ ግን፣ አሁንም ጠብ አለ፤ ልዩነቱ ተጎጂው ብቻውን ከማይናገር ቱቦ ጋር መጣላቱ ነው። ቅየሳው ሳይጠናቀቅ የላይኛውና የታችኛው ባለማሳዎች፣ መሬቱ በስማቸው ያለ ሴቶች ጭምር፣ በተዳፋቱ ላይ ቆመው ውሃው በየት ይውጣ ብለው ይምከሩ፤ ጎርፉ የት እንደሚወርድ ከካርታው በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ለወረዳና ለክልል የመንገድ ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው፤ አዲስ መሥሪያ ቤትም አዲስ አዋጅም አያስፈልገውም። የሥራ ተቋራጭ መንገዱን በጊዜያዊ ርክክብ ካስረከበ በኋላ እስከ መጨረሻው ርክክብ ድረስ ያለው የዋስትና ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ ክረምት አለ። የመጨረሻው ርክክብ በመስከረም ወይም በጥቅምት ይሁን፤ የርክክቡ ኮሚቴም በመኪና ከማለፍ ይልቅ በየቱቦው አፍ ወርዶ 100 ሜትር ያህል በእግሩ ይሂድ። ማሳው ከተሰነጠቀ አይፈርም።