ዘር የማይቆጥር አበባ

ገና ከመግቢያው ላረጋጋችሁ፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዘር» ስል የአበባ ዘር ማለቴ ነው። (ዘንድሮ ቃሉን ሲሰማ የማይደነግጥ የለምና!)

የማወራችሁ ኮለምባይን ስለሚባል አበባ ነው። እኔ በምኖርበት በኮሎራዶ ከ1899 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሰማያዊና ነጩ ዓይነት የግዛቲቱ መለያ ነው። በ1925 የወጣ ሕግም በሕዝብ መሬት ላይ የበቀለውን ከነሥሩ መንቀልን ይከለክላል። አበባው ከኋላው ቀንድ የሚመስሉ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ ጣፋጩ ፈሳሽ ያለው እነሱ ጫፍ ላይ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አኩዊሌጂያ ይባላል፤ ቱቦዎቹን የንስር ጥፍር ያስመሰለ ስም ነው ይባላል። ኮለምባይን የሚለው ደግሞ ርግብ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። አንድ አበባ፣ ንስርም ርግብም!

ዴንቨርና ኦሮራ ያለን ሐበሾች አበባ ካማረን ከሱቅ ያበበውን በማሰሮው ገዝተን እንመጣለን። እኔ ግን ከዘር አሳድጉት ባይ ነኝ። ለምን? ለየት ያሉት ዓይነቶች ሱቅ ውስጥ እምብዛም አይገኙማ! ዘር ግን በፖስታ ይመጣል። ከሳይቤሪያና ከሞንጎሊያ አካባቢ የተገኘው አረንጓዴና ቸኮሌት መልክ ያለው አለ። ከቴክሳስና ከሜክሲኮ የተገኘው ቢጫው፣ ቱቦው ከ10 ሴንቲ ሜትር የሚበልጠው አለ። በቻርለስ ዳርዊን የልጅ ልጅ በኖራ ባርሎ ስም የሚጠራውም አለ፤ እሱ ጭራሽ ቱቦ የለውም፣ ቅጠሉ ተደራርቦ የቆመ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ በላስቲክ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት፤ በረዶ የሚሠራበት ክፍል ውስጥ ግን አይደለም። ክረምት ያለፈ ይመስለዋል። ከዚያ አፈር ላይ በትኑት እንጂ አትቅበሩት፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። በነገራችን ላይ ይህ ተክል የጥቁር አዝሙድ ዘመድ ነው፤ ዘሩም ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው። ስለዚህ ላስቲኩ ላይ ስሙን ጻፉበት፤ መርዛማ ስለሆነ ከወጥ ቅመም ጋር እንዳይደባለቅ!

ለመብቀል አንድ ወር ሊፈጅበት ይችላል። ለማበብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ዓመት ይጠብቃል። በየመስከረሙ ከች የምትለውን አደይ አበባ ለለመደ ሰው ይህ ረጅም ነው። «ተከራይ ነኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት የት እንደምሆን ማን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። ይገባኛል። ግን ጠለቅ ያለ ማሰሮ ውስጥ ከተከላችሁት አብሯችሁ ቤት ይቀይራል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ኮለምባይን ዘር አይቆጥርም። የተለያዩ ዓይነቶችን ጎን ለጎን ከተከላችሁ ንቦች ያዳቅሏቸዋል፤ ከወይን ጠጅ እናት የለቀማችሁት ዘር ሮዝ ወይም ነጭ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ይህን ጊዜ ብዙ አትክልተኛ እናቱን ያልመሰለውን ሁሉ ይነቅላል። አንድን ዓይነት ሳይደባለቅ ጠብቆ ማቆየት የሚፈልግ ሰው መብቱ ነው፤ ያለ እነሱ ኖራ ባርሎም ባልቆየችልን ነበር። ከዚህ ውጪ ያለነው ግን ምን አስቸኮለን?

በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ላጫውታችሁ። እዚሁ ኮሎራዶ አንድ ሥፍራ ከበቀሉት የዱር ኮለምባይኖች ሩብ ያህሉ ቱቦም ጣፋጭ ፈሳሽም አልነበራቸውም። ምክንያቱ የአንድ ጂን መበላሸት ነው። ንብ የሚጋብዙበት የሌላቸው እነዚህ ምስኪኖች መጥፋት አልነበረባቸውም? አልጠፉም! ሚዳቋ መሰሎቹ የአካባቢው እንስሳትም፣ ጭማቂ የሚመጡ ተባዮችም ቱቦ ያላቸውን ነው አብዝተው የሚያጠቁት። ጉድለት የመሰለው ነገር ጋሻ ሆነ ማለት ነው። በሁለት ቅጠል ዕድሜው ይህን ማን ሊያውቅለት ይችል ነበር?

እና የእኔ አቋም ይህ ነው፤ አንድም ችግኝ ሳያብብ አትንቀሉ። ካበበ በኋላ ካላማራችሁ ለጎረቤት ስጡት። ካማራችሁ ደግሞ በበጋው አጋማሽ ፍሬው ሲደርቅ ዘሩን በወረቀት ጠቅልላችሁ ቡና ስትጠጡ ለወዳጅ አካፍሉ። እናቱን መምሰሉን ግን ቃል አትግቡለት።

ቸር ያሰንብተን!