ጨጓራ የለብንም፤ ሙስሊም ነን



ባሕር ዳር ላይ እሁድ ከስፖርት በኋላ ወደ ጣና ዳር መውረድ የተለመደ ነው። ጂም አብሮን የሚሠራው፣ ሜዳ አብሮን የሚሮጠው ልጅ ሁሉ ዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ሲል ድራፍቱ ከዳር እስከ ዳር ይታዘዛል። ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ግን ድምፃችን ይቀንሳል። «እኔ ዛሬ ይቅርብኝ፣ ጨጓራዬን አሞኛል።» ሌላኛችን መድኃኒት ጀምሯል። ሦስተኛው ነገ ፈተና አለበት። በዚህ አያያዛችን ከተማው ውስጥ ጨጓራው ጤነኛ የሆነ ሙስሊም ወጣት የቀረ አይመስልም!

ይህን ባየን ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለናል፤ ያውም ሙስሊም ያልሆነ። ሬስሊንግ እያየ ያደገ ሁሉ ሲኤም ፓንክን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 ቺካጎ የተወለደው ይህ ሰው አባቱ በመጠጥ ሲቸገሩ እያየ ነው ያደገው። አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ዕፅ አይነካም። ይህንንም በጆሮ አላንሾካሾከም፤ ጣቶቹ ላይ ሳይቀር ተነቅሶታል (ንቅሳቱን ለእሱ እንተውለት)። ወደ ሪንግ ሲገባ በእጁ ላይ የኤክስ ምልክት ይታያል። ምልክቱ ታሪክ አለው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የሙዚቃ አዳራሽ የሚገቡ ለመጠጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች እጃቸው ላይ ኤክስ ይደረግባቸው ነበር፤ አስተናጋጁ መጠጥ እንዳይሸጥላቸው። በኋላ ላለመጠጣት የወሰኑ ወጣቶች፣ ዕድሜያቸው የደረሰውም ጭምር፣ ያንኑ ምልክት በገዛ እጃቸው ይጽፉት ጀመር። የልጅነት ምልክት የነበረው የኩራት ሆነ።

ሬስሊንግ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ትዕይንት ነው የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የፓንክ አለመጠጣት ግን ትወና አይደለም። ደግሞ ያለበትን ሙያ አስቡት። ስቲቭ ኦስቲን ባሸነፈ ቁጥር የቢራ ጣሳ እያጋጨ ፊቱ ላይ ሲደፋ አዳራሹ በጩኸት ይናጋ የነበረበት ዓለም ነው። ኤዲ ጉሬሮ በ2001 ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ ከሥራው የተባረረው፣ መጠጡን ትቶ ተመልሶ በ2004 ሻምፒዮን ሆኖ፣ በቀጣዩ ዓመት በ38 ዓመቱ በልብ ሕመም የሞተው በዚሁ ሙያ ውስጥ ነው። ፓንክ እዚያ መሐል «አልጠጣም» እያለ ቀበቶውን 434 ቀን ይዞ ቆየ።

እሱን እንዲህ ያለው የአላህ ትእዛዝ አይደለም፤ የራሱ ውሳኔ ነው። እኛ ትእዛዙ አለን። ታዲያ ለምን ከጨጓራ ጀርባ እንደበቃለን?

ክርስቲያን ጓደኞቻችንን ተመልከቱ። በዐቢይ ጾም ምሳ ስንጋብዛቸው «ጾም ነው» ይላሉ፤ አለቀ። ሥጋ ያቅለሸልሸኛል ብሎ ምክንያት የሚፈጥር አላየንም። እኛም አክብረን የጾም በየዓይነቱ እናዛለን። ያው ሰው «ሙስሊም ነኝ፣ አልጠጣም» ስንለው ይቀየመናል ብለን የምንፈራው ከምን ተነስተን ነው? ደግሞ ጨጓራ ይድናል። በሳምንቱ «ተሻለህ ወይ?» ብለው ብርጭቆውን መልሰው ያቀርባሉ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም፤ በሩን ገርበብ አድርገን የተውነው እኛ ነን። አጠገባችን የተቀመጠው ታናሽ ወንድማችን ደግሞ ዲናችን የሚታፈርበት ነገር መሆኑን ከእኛ ይማራል። ያያ ቱሬ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ሻምፓኝ ሲሰጡት ካሜራ ፊት ሙስሊም ስለሆንኩ አልጠጣም ብሎ ለጓደኛው አሳለፈው። ማንም አልተቀየመውም።

አዎ፣ በሀገራችን ስፖርትና ቢራ አብረው ኖረዋል። የጎንደሩን ዳሽን ቢራ፣ የሐረሩን ሐረር ቢራ የክለብ ስም አድርገን እየጠራን ነው ያደግነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፤ ደስ ብሎናል። ጠረጴዛው ላይ ያለውን «አንዴ ብትቀምስ ምን አለበት» ግን አዋጅ አያስወጣውም።

ከፓንክ የማንወስደው ነገርም አለ። በ2009 እና 2010 አካባቢ በቴሌቪዥን የተጫወተው ገጸ ባሕርይ ባለመጠጣቱ ሰውን ሁሉ የሚንቅ፣ ተከታዮቹን ፀጉር የሚላጭ «አዳኝ» ነበር። ያ ትወና ነው። እኛ ውስጥ ግን አንዳንዱ የምሩን ያደርገዋል፤ የሚጠጣ ሙስሊም ወንድሙን መንገድ ላይ ሲያገኝ ሰላምታ እስከ መንፈግ ይደርሳል። በመጠጥ ምክንያት ደጋግሞ ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቀረበውን ሰሐቢይ አስታውሱ። አንዱ ሲረግመው ከለከሉት፤ አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረለትም፤ ክብሩም አልተነካም።

«ሲጀመር መጠጥ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ምን ትሠራላችሁ?» የምትሉን አላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ይህን ስንጽፍም ጥያቄው ይቆረቁረን ነበር። ከእኛ አንዱ ባለፈው ከስፖርት በኋላ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ መጠጥ ያለበት አልቀመጥም፤ ዓሣ ግን እጋብዛችኋለሁ» አላቸው። ትንሽ ተሳሳቁ። ከዚያ ሦስቱ አብረውት ሄዱ። ጥብሱ እስኪደርስ አንደኛው፣ በየሳምንቱ ድራፍት የሚያዘው፣ ለካስ ማቆም ይፈልግ ኖሮ እንዴት አድርጎ ለጓደኞቹ እንደሚነግራቸው ይጠይቀው ጀመር።