ለጀናዛው እንደርሳለን፤ ለአስታማሚውስ?



የጁሙዓ ሶላት አልቆ ሰዉ ጫማውን ሊፈልግ ሲነሳ ማይክራፎኑ እንደገና ይከፈታል። «ጀመዓ! አንድ ጊዜ አዳምጡን። ወንድማችን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው በእጥበት ላይ ይገኛል። ለአላህ ብላችሁ የምትችሉትን ጣል አድርጉ» ይባላል። በሩ ላይ ጨርቅ ይዘረጋል፤ አላፊው ሁሉ ከኪሱ ያለውን ይጥላል። አልሐምዱሊላህ፣ ሕዝባችን በዚህ አይታማም።

ከጨርቁ አጠገብ የሕክምና ማስረጃውን በላስቲክ ሸፍኖ የያዘ ሰው ይቆማል። አንዳንዴ የታማሚው ወንድም ነው፤ አንዳንዴ በሴቶች በር በኩል የቆመች ሚስት ወይም ልጅ ናት። «አላህ ያሽረው» ብለን እናልፋለን። «አንተስ ትናንት ማታ ተኝተሃል?» ብሎ የሚጠይቀው ግን እምብዛም የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው፤ ስለ አስታማሚው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ካንሰርና የኩላሊት ሕመም ለሳምንት መጥተው የሚሄዱ አይደሉም። ለዓመታት አብረው ይኖራሉ። ሕጋችን፣ ዕድራችንና ጀመዓችን ግን የተዘጋጁት በአብዛኛው ለአንድ ቀን ችግር፣ በተለይም ለሞት ነው። ከሞት በፊት ያለውን ረጅም መንገድ አንድ ሰው ብቻውን እንዲሄደው ትተነዋል።

አንዲት ተማሪ

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ በክፍሌ አንዲት ልጅ ነበረች። ሰኞና ሐሙስ አትመጣም፤ በቀሩት ቀናትም ዴስክ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። ስሟን እየጠራሁ «ቀሪ» እጽፍ ነበር። በመጨረሻም «ወላጅሽን ይዘሽ ነይ» አልኳት። ወላጅ አላመጣችም። እኔም እንደ ንቀት ቆጠርኩት።

አንድ ሐሙስ ፈተና ነበር። ቀኑ እንዲቀየርላት ጠየቀችኝ፤ ምክንያቱን ሳልጠይቅ እምቢ አልኳት። ሐሙስ መጥታ ተፈተነች። በሳምንቱ ሳትመጣ ስትቀር ጎረቤቷ የሆነች ሌላ ተማሪ ነገረችኝ። እናቷ የኩላሊት እጥበት ላይ ነበሩ። አባት በሕይወት የለም። ታላቅ እህቷ ዐረብ አገር በቤት ሠራተኝነት እየሠራች የእጥበቱን ገንዘብ ትልካለች፤ ሰኞና ሐሙስ እናቷን ደግፋ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። በፈተናው ዕለት እናት «ዛሬ ደህና ነኝ፣ ሂጂ ተፈተኚ» ብለው ልጃቸውን ሸኝተው እጥበታቸውን ቀሩ። ውኃው ሰውነታቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡ።

አላህ አተረፋቸው። እኔ ግን ያንን የፈተና ወረቀት እስካሁን አልረሳሁትም። አስታማሚው ሲደክም ታማሚው ያያል። «ልጄን አደከምኳት» ብሎ ቀጠሮ ይዘላል፣ መድኃኒቱን ከፍሎ ይውጣል፣ ሕመሙን ይደብቃል። ስለዚህ አስታማሚን ማሳረፍ ታማሚን ከማከም ተለይቶ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

ሕጉ ምን ያህል ይደግፋል?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ራሱ የታመመ ሠራተኛ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። የቅርብ ዘመድ ሲሞትበትም 3 የሥራ ቀናት ከክፍያ ጋር ይፈቀድለታል። ዘመዱ ታሞ በሕይወት ሳለስ? ለማስታመም ተብሎ የተቀመጠ ፈቃድ የለም። ያለው ለልዩና አሳሳቢ ሁኔታ የሚሰጥ፣ ክፍያ የሌለው፣ እስከ 5 ተከታታይ ቀን የሚደርስ ፈቃድ ነው፤ እሱም በዓመት ከ2 ጊዜ አይበልጥም።

እናስላው። የተለመደው የኩላሊት እጥበት በሳምንት 3 ጊዜ ሲሆን አንዱ 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዓመት 156 ቀን ማለት ነው። አቅም አንሶ በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ ቢታጠቡ እንኳ 104 ቀን ይሆናል። ሕጉ ለአስታማሚው የሚሰጠው ያለ ክፍያ 10 ቀን ነው። የቀረውን የሚሸፍነው የአሠሪው ደግነት፣ የዓመት ፈቃድ ወይም ሥራ መልቀቅ ነው። በቀን ሥራ የሚተዳደረው ደግሞ ይህም የለውም፤ የቀረባት ቀን ሁሉ ያልተበላች እንጀራ ናት።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ሆኗል። አባልነታችሁን ያላሳደሳችሁ ካላችሁ አሳድሱ። ሆኖም መድን የሚከፍለው ለሕክምናው ነው። ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ለመጣ ሰው የአስታማሚው ትራንስፖርት፣ ማደሪያና ምግብ ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል። በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን ናሙና የሚያመላልሰው፣ መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞረው፣ ታማሚውን የሚያገላብጠው፣ ሌሊት አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድረው አስታማሚ ነው። ጠዋት ሐኪሞች ሊጎበኙ ሲመጡ ደግሞ «አስታማሚ ውጡ!» ይባላል። ሥራው ይፈለጋል፤ እሱ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ዕድሩና ጀመዓው

ጥፋቱን በመንግሥት ላይ ብቻ ማላከክ አንችልም። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሴቶቹ ምግብ ይሠራሉ፣ ጀናዛውን ለመሸኘት መንገዱ ይሞላል። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው። ያው ሟች ግን ለ4 ዓመት አልጋ ላይ ሳለ በሩን የሚያንኳኳ ሰው በመጀመሪያው ወር ይበዛል፣ በስድስተኛው ወር ይሳሳል፣ በሁለተኛው ዓመት ይጠፋል። ክፋት ኖሮን አይደለም። ለሞት ሥርዓት አለን፤ ለረጅም ሕመም ሥርዓት አልሠራንም።

ሥርዓቱን መሥራት እንደሚቻል ደግሞ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ኤች አይ ቪ ቤት ለቤት ሰው ሲያንገላታ በነበረበት ዘመን በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በርካታ ዕድሮች ከቀብር አልፈው አልጋ ላይ የዋሉትን ቤት ለቤት ወደ መደገፍ ገብተው ነበር። ያን ጊዜ የተቻለው ዛሬ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ከበድር የቀረው የበድር ባለድርሻ

በዲናችን ታማሚን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው መብት አንዱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለ አስታማሚው ደረጃ የሚነግረን ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ አይወሳም።

የበድር ዘመቻ ሲነሳ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ታማ ነበር። ባለቤቷ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) እሷን ለማስታመም መዲና ቀረ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በድር ላይ የተገኘ ሰው የሚያገኘው አጅርም ድርሻም እንዳለው ነገሩት። እንግዲህ አስተውሉ። በኢስላም ታሪክ ከሁሉ የከበረው ዘመቻ ላይ ከአንድ ታማሚ አልጋ አጠገብ የቀረ ሰው እንደተሳታፊ ተቆጠረ። ድርሻውም ከምርኮው ተከፈለው፤ ምስጋና ብቻ አልነበረም። የቀረውም ወንድ ነው፣ ባል ነው። «ማስታመም የሴት ሥራ ነው» የሚለው ልማዳችን ከዚህ ታሪክ ጋር አይሄድም።

በዚያው በቡኻሪ ዘገባ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) የሰዒድ ኢብኑ ዘይድን መታመም የሰሙት በጁሙዓ ቀን ነበር፤ ጁሙዓውን ትተው ወደ እሳቸው ሄዱ። ፉቀሃዎችም ሌላ የሚተካው የሌለውን አስታማሚ ከጁሙዓና ከጀመዓ ለመቅረት ዑዝር ካላቸው ሰዎች ቆጥረውታል። ስለዚህ ከመስጂድ የጠፋን ወንድም «ምነው ተውከን?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት ቤቱ ማን እንደታመመ እንጠይቅ።

«ሶብር አድርጊ» ብቻውን

ለአስታማሚ የምንሰጠው የተለመደ ቃል «ሶብር አድርጊ፣ አጅሩ ትልቅ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ለ3 ዓመት እንቅልፍ ያላገኘች ሴት ስትቆጣ፣ ስታለቅስ ወይም «በቃኝ» ስትል ይህ ቃል ብቻውን ወቀሳ ሆኖ ይሰማታል። ኢማኗ የደከመ ይመስላታል። የደከመው ግን ሰውነቷ ነው።

ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ሌሊቱን ሁሉ እየሰገደ፣ ቀኑን ሁሉ እየጾመ ራሱንና ቤተሰቡን የረሳውን አቡ ደርዳእን (ረ.ዐ.) ነፍስህም ቤተሰብህም በአንተ ላይ ሐቅ አላቸው ብለው ሲመክሩት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰልማንን ንግግር አጽድቀዋል። በዒባዳ የነፍስ ሐቅ ከተጠበቀ በማስታመምም ይጠበቃል። እንቅልፍ የሚነሳ ጭንቀት፣ የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ ከሰው መሸሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ሲታይ አስታማሚዋም ሐኪም ዘንድ ልትሄድ ይገባል። ይህ አማና ማጉደል አይደለም።

ታማሚውንም እንደ ሸክም ብቻ አንየው። ከሱ ጋር ስለ ሕመሙ ብቻ ማውራት ራሱ ያደክመዋል። ልጆቹን ቁርኣን ማስቀራት፣ ሒሳብ መያዝ፣ ምክር መስጠት የሚችል ከሆነ ድርሻውን አንንጠቀው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መስጂድ በአካባቢው በረጅም ሕመም የተያዙትንና አስታማሚዎቻቸውን ይመዝግብ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቆ፣ ምስጢራቸውን ጠብቆ። የማናውቀውን ሰው ልንረዳው አንችልም።

ሁለተኛ፣ ከገንዘብ ቀጥሎ ጊዜ እንስጥ። ያቺን ተማሪ የረዳት ትልቅ ድርጅት አልነበረም። አንዲት ጎረቤት «ሐሙስን ለእኔ ተዪልኝ» አሉና እናቷን ማመላለስ ጀመሩ። ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ክፍል ገባች። አራት ሰው በሳምንት አንድ አንድ ግማሽ ቀን ቢሰጥ አንድ አስታማሚ ትተኛለች፣ ትሠራለች፣ ትማራለች። ወጣት ጀመዓዎች ይህን ተራ ለማውጣት ከማንም የተሻለ አቅም አላቸው።

ሦስተኛ፣ ኢማሞችና ዑለማዎች ሸክሙን በዕውቀት ያቅልሉ። የሽንት ቱቦ የተገጠመለት ሰው እንዴት ይሰግዳል? ውኃ የማይነካው ቁስል ያለበትስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለታመሙት ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ቆሞ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ተቀምጦ ያልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ አስተምረዋል። ረመዷን ሲመጣም ሐኪም የከለከላት የስኳር ታማሚ እናት «እጾማለሁ» ስትል ከልካይ ሆና የምትቆመው ልጅዋ ናት፤ በዚህ የተነሳ ስንት ቤት ይጣላል! ቁርኣን ለታማሚ የሰጠውን ፈቃድና ለማይድን ሕመም ያለውን ፊድያ ኢማሙ ከሚንበር ቢናገሩ ያቺ ልጅ ከጥሉ ትድናለች።

አራተኛ፣ ዕድሮቻችን ከመዋጮው ጥቂቱን ለአስታማሚ ትራንስፖርትና ምግብ ይመድቡ። በማስታመም ምክንያት ሥራቸውን አጥተው የደኸዩ ወይም ዕዳ የገቡ ሰዎች የዘካ ሐቅ ሊኖራቸው እንደሚችልም ዘካ የሚያከፋፍሉ ኮሚቴዎች ዑለማዎችን አማክረው ይመልከቱ።

አምስተኛ፣ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ወንድሞችና እህቶች ሕጉ እስኪሻሻል አትጠብቁ። ፈረቃ መቀየር፣ ያጎደለውን ሰዓት በሌላ ቀን ማካካስ ብዙ አያስወጣችሁም። አስተማሪዎችም «ቀሪ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ያየሁትን አይታችኋል።

የሚመጣው ጁሙዓ ማይክራፎኑ እንደገና ይከፈታል። ከኪሳችሁ ያለውን ጣል አድርጉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ወደያዘው ሰው ጠጋ በሉና «የትኛውን ቀን ልያዝልህ?» በሉት።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሚያስታምሙት ብርታቱንና እረፍቱን ይስጥ። ወላሁ አዕለም።