ተወልዶ ስለማያለቅስ ሕፃን

ሕፃን በእናቱ ማኅፀን ሳለ በሳንባው አይተነፍስም። ለሰውነቱ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ከእናቱ ደም በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ይደርሰዋል፤ ሳንባውም በውሃ የተሞላ ነው። በተወለደ ጊዜ ግን ውሃው ከሳንባው እየሸሸ አየር በቦታው ይገባል። ዘመድ ሁሉ በጉጉት የሚጠብቀው የመጀመሪያው ልቅሶ የዚሁ ለውጥ ምልክት ነው። ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉ ያለ ማንም ርዳታ ይተነፍሳሉ፤ 10 ያህሉ ደግሞ ገላቸው ሲደርቅና ጀርባቸው ሲታሽ ይነቃሉ። ከቀሩት የሚበዙት በከረጢትና በጭንብል አየር ቢሰጣቸው የሚድኑ ናቸው። ደረት መጫንና መድኀኒት የሚያስፈልገው ሕፃን ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም።

ያላለቀሰ ሕፃን ሲወለድ በብዙ ቤት የሚደረገውን እናውቃለን። እግሩን ይዞ ቍልቍል ማንጠልጠል፥ በጥፊ መምታት፥ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ በፍቅርና በድንጋጤ የሚደረግ ስለ ሆነ አድራጊዎቹን ለመንቀፍ አንወድም፤ ነገር ግን ሕፃኑን ይጎዳዋል። ርጥብ ሕፃን ፈጥኖ ይበርደዋል፤ የበረደው ሕፃንም መተንፈስ ይበልጥ ይሳነዋል። ከሁሉ የከፋው ግን «ሞቶ ተወለደ» ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ጐን ማኖር ነው። ልቡ እየመታ ትንፋሹ ብቻ የዘገየበት ሕፃን አለና፥ የማይተነፍስ ሁሉ የሞተ አይደለም።

የሠለጠነች አዋላጅ ሕፃኑን በደረቅና በሞቀ ጨርቅ ከራሱ እስከ እግሩ ታደርቀዋለች፤ ርጥቡን ጨርቅ አስወግዳ በሌላ ትሸፍነዋለች፤ ጀርባውንም ታሸዋለች። አፉ በንፍጥ ወይም በሌላ ነገር የተዘጋ ካልሆነ በቀር መምጠጥ አያስፈልግም። ይህ ተደርጎ ያልተነፈሰ እንደ ሆነ፥ አንገቱን ወደ ደረቱም ወደ ኋላም ሳታጥፍ ጥቂት ቀና አድርጋ ታስተኛዋለች፤ ጭንብሉን በአፉና በአፍንጫው ላይ ገጥማም በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል አየር ትሰጠዋለች። ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ካልታየ አየሩ አልገባምና አንገቱንና ጭንብሉን እንደ ገና ታስተካክላለች። አየር መስጠቱም የመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳታልፍ መጀመር አለበት።

ለሌላው ሰው ትንፋሽ የመስጠት ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ በመጽሐፈ ነገሥት ስለ ነቢዩ ኤልሳዕና ስለ ሱነማዊቱ ልጅ የተጻፈውን ያነበበ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዛሬ አምቡ ባግ የምንለውን፥ ሲጨመቅ አየር ሰጥቶ ሲለቀቅ በራሱ የሚሞላውን ከረጢት ግን በዴንማርክ አገር ሆልገር ሄሰና ሄኒንግ ሩበን እ.ኤ.አ. በ1956 ለአገልግሎት አበቁት። ከረጢቱ ኤሌክትሪክም የጋዝ ሲሊንደርም አይሻም። «ኦክስጅን ስለ ሌለ ምን እናድርግ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ፥ ቀኑ ለደረሰ ሕፃን ርዳታው በተራ አየር እንዲጀመር መክሯል።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፥ በጤና ተቋም የሚወለዱት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ100 26፥ በ2019 ደግሞ 48 ነበሩ። እናቲቱ ምክራችንን ሰምታ፥ ምናልባትም በቃሬዛ ተጭና ከመጣች በኋላ፥ ከረጢቱ በቁም ሣጥን ተቈልፎ፥ ቁልፉ በንብረት ጠባቂው ኪስ፥ ንብረት ጠባቂውም በዕረፍት ላይ ቢሆን የመምጣቷ ትርፍ ምንድር ነው? በመዝገብ ላይ መኖሩ ለሕፃኑ ትንፋሽ አይሆነውም። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ከረጢቱና ልዩ ልዩ መጠን ያላቸው ጭንብሎች ሌት ተቀን ከማዋለጃው አልጋ አጠገብ መቀመጥ አለባቸው። ደግሞም አንድ ጊዜ የሠለጠነ እጅ ካልተለማመደ ይረሳልና፥ አዋላጆች በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ በአሻንጉሊት ላይ ቢለማመዱ መልካም ነው። ሥራ ይበዛብናል የሚለውን መልስ ሰምተናል፤ ልምምዱ ግን አንድ ሲኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ አይበልጥም።

መምህራንም በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን ቢናገሩልን ውለታቸው ትልቅ ነው። ሚስቱን ለወሊድ ያመጣ ባል «ከረጢቱ ተዘጋጅቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ እንደ ድፍረት ሊቈጠርበት አይገባም። ሁለት ንጹሕና ደረቅ ጨርቆችም ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ሕፃኑ በደኅና ከተነፈሰ በኋላ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተጠግቶ፥ ራሱም ተሸፍኖ ይቈይ፤ እስከ 24 ሰዓትም ገላው አይታጠብ።