አውሬው ምን ይበላል?

በቴሌግራም የሚለቀቁ የአማርኛ ተከታታይ ልብ ወለዶችን የምታነቡ ወንድምና እህቶች ይህን ታውቁታላችሁ። ታሪኩ ወደ ሌላ ዓለም ይገባል፤ ከጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ብቅ ይላል፤ ሦስት ራስ አለው፣ ከዐይኑ እሳት ይወጣል፣ ቁመቱ ፎቅ ያህላል። ትንሽ ትገረሙና ታልፉታላችሁ። በሚቀጥለው ክፍል አራተኛ ራስ ቢያበቅል እንኳ አያስደነግጣችሁም። ለምን? ያ አውሬ የትም አይኖርማ! ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚፈራ ደራሲው ራሱን አልጠየቀም። ጀግናው እስኪመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጀግናው ሲመጣ ይሞታል። በቃ።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በምናብ የተሠራ እንስሳ የሚያሳምነን እንግዳ ስለሆነ አይደለም። የሚኖርበት ቦታ ውሃው፣ አየሩ፣ ምግቡና ጠላቱ አካሉ ላይ ታትመው ስናያቸው ነው የምናምነው። (እግረ መንገዴን፣ "መፍጠር" የሚለውን ቃል ለባለቤቱ ለአላህ ትቼ "መፈልሰፍ" እላለሁ። በሥዕል ስለሚሠራው ዑለማዎችን ጠይቁ፤ እኔ የማወራው በጽሑፍ ስለሚሠራው ነው።)

ብዙዎቻችሁ "ዱን" የተባለውን ፊልም አይታችኋል። "መህዲ"፣ "ሊሳን አል-ገይብ" ሲባል ጆሯችሁ ሳይቆም አልቀረም። ፊልሙ የተሠራው ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ከዐረብኛ ስለወሰዳቸው ቃላት ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ትሉ ነው።

ኸርበርት ሐሳቡ የመጣለት በአሜሪካ ኦሪገን የባሕር ዳርቻ የሚንቀሳቀስ አሸዋን ሣር በመትከል ለማስቆም ስለሚደረግ ሥራ ሊጽፍ በሄደበት ጊዜ ነው። ከጭራቅ አልጀመረም፤ ከአሸዋ ጀመረ። በዚያ ዓለም ገጸ ምድር ላይ ውሃ የለም። ለምን የለም? የትሉ ግልገሎች መሬት ውስጥ ከብበው ስለሚያሽጉት። ለምን ያሽጉታል? ለትልቁ ትል ውሃ ገዳይ ስለሆነ። ደን በሌለበት ሰው የሚተነፍሰው ኦክስጅን ከየት መጣ? ከትሉ ከራሱ። ነገሥታቱ የሚጋደሉበት ቅመምስ? እሱም የሚገኘው ከዚያው ከትሉ ሕይወት ዑደት ነው። ሰዎቹ ደግሞ ላባቸውን የሚያጣራ ልብስ ለብሰው፣ ትሉ ኮቴያቸውን እንዳይሰማ አረማመዳቸውን እያዘበራረቁ ይሄዳሉ። አንዷን ክር ብትመዙ ሁሉም ይተረተራል።

እንከን የለውም አልልም። መጽሐፉ ከ400 ሜትር በላይ ስለሚረዝም ትል ይናገራል። ያን የሚያክል አካል አሸዋ እየሰነጠቀ የሚሄድበት ጉልበት ከየት ይመጣል ብትሉ መልሱ ደካማ ነው። ትሉ አሸዋ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ሕያዋንን ይበላል፤ እነሱ ቅመሙን ይበላሉ፤ ቅመሙ ደግሞ ከትሉ ግልገሎች ይመጣል። በዚህ ሁሉ ዙር ውስጥ ከፀሐይ ጉልበት የሚሰበስብ ሣር የሚባል ነገር የለም! አንባቢ ግን ይቅር ይላል። ሌላው ሁሉ በሥርዓቱ ከሄደ አንድ የማይሆን ነገር ይታለፋል።

ሁለት ሲሆን ነው ችግሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውን "አቫታር" አስታውሱ። የዚያ ዓለም አብዛኞቹ ትልልቅ እንስሳት ስድስት እጅና እግር አላቸው። ሰማያዊዎቹ ሰዎች ግን እንደ እኛው ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር። ለምን? ተመልካች እንዲወዳቸው ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። ክፍተቱን ለመሙላት ይመስላል፣ የላይኛው ክንዶቹ እስከ ክርን የተጣበቁ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ ለአፍታ ያሳዩናል። እኔን አላሳመነኝም።

መጠንም ዕዳ ነው። ጋሊልዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳብራራው፣ አንድን አካል ቅርጹን ሳትቀይሩ ርዝመቱን እጥፍ ብታደርጉት የአጥንቱ ውፍረት ስፋት አራት እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በሬ የምታክል ጉንዳን በዚያው ቀጭን እግሯ መቆም አትችልም። ግዙፍ ጉንዳን ከፈለጋችሁ እግሯን አወፍሩ፣ ወይም የዓለሙን ስበት ቀንሱ፣ መተንፈሻም ፈልጉላት፤ ነፍሳት ሳንባ የላቸውም።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ ጥበብ ብቻ የሚመስለው ካለ፣ በ9ኛው ክፍለ ዘመን የበስራው አል-ጃሒዝ "ኪታብ አል-ሐየዋን" በተሰኘው ሰፊ ሥራው ማን ማንን እንደሚበላ፣ አዳኙ ራሱ እንዴት እንደሚታደን ጽፏል። ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የመጣው አል-ቀዝዊኒ በአስደናቂ ፍጥረታት መጽሐፉ የሴት ቅርጽ ያለው ፍሬ ስለሚያፈራ ዛፍ ያወራል። ቀዝዊኒ ያዝናናል። ልብ ወለድ ለሚጽፍ ወጣት ግን መጀመሪያ ጃሒዝን ያንብብ እላለሁ።

ካነበበ በኋላ ደግሞ ባሌ ይውጣ። ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ ትልቅ ፍልፈል አለ። ዐይኖቹ ወደ ራሱ አናት ተጠግተዋል። ለምን? ሣር ሊበላ ሲወጣ ግማሽ አካሉ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አደጋ መኖሩን ቀና ብሎ ማየት አለበት። አደጋው ቀይ ቀበሮ ነው። የቀበሮው ፊት ረዥምና ሹል የሆነው ደግሞ ከነዚህ የጉድጓድ እንስሳት ጋር ነው ኑሮው። አንዱን ስታዩ ሌላውን መገመት ትችላላችሁ። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ይኸው ቀበሮ ሣር በሚግጡ ጭላዳዎች መሐል በእርጋታ ሲሄድ ይታያል። ግልገሎቻቸውን አይነካም፤ እነሱም አይሸሹትም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳወቁት በመንጋው መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን የበለጠ ይሳካለታል። ሱብሓነላህ! ይህን አንድ ደራሲ ቢጽፈው "አጋነንክ" አንለውም ነበር?

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የከተማ ልጆች የሆሊዉድን ዘንዶ ከነጥፍሩ እናውቀዋለን፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠውን የራሳችንን ቀበሮ ግን በሳንቲም ላይ እንዳለው አንበሳ ያህል እንኳ አላየነውም። ከዚያ "ምናባችን ደረቀ" እንላለን። ምናብ የሚቀዳበት ጉድጓድ ሳይቆፈር እንዴት አይደርቅ?

እስቲ አብረን አንድ እንሞክር። ልክ እንደ ዳናኪል የጨው ሜዳ ብቻ የሆነ ዓለም አስቡ። ዝናብ የለም፤ ሌሊት ሌሊት ግን ጉም ይመጣል። (በናሚብ በረሃ ያለች ጥንዚዛ በአሸዋ ጫፍ ላይ አንገቷን ደፍታ ቆማ ጀርባዋ ላይ የሚጤዘውን ጉም ትጠጣለች፤ ከእሷ ነው የምሰርቀው።) እንግዲህ ጉም የሚጠጣ እንስሳ ሰፊና ጸጉራም ጀርባ ያስፈልገዋል። ያ ሰፊ ጀርባ ቀን ፀሐይ ካገኘው ያደርቀዋል፤ ስለዚህ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል መሆን አለበት። ንጋት ላይ ሆዱ በውሃ ከብዶ መሮጥ አይችልም፤ ስለዚህ አዳኙ የሚመጣው ንጋት ላይ ነው። አዳኙም የሚፈልገው ሥጋውን ሳይሆን ውሃውን ነው። የዚያ አገር ሰዎች ልጆቻቸውን "ጎህ ሲቀድ አትውጡ" እያሉ የሚያሳድጉ ይመስለኛል።

ስም አላወጣሁለትም። አዳኙንም ለእናንተ ትቼዋለሁ፦ በምን ያያል፣ ጨው ላይ በምን ዓይነት እግር ይሮጣል፣ ጉም ሳይመጣ በቀረባቸው ሌሊቶች ማግስትስ ምን ይጠጣል?