የቀበሌው ምርጫ የት ገባ?

በየአምስት ዓመቱ፣ ምርጫ ባለፈ ማግሥት፣ አንድ የሚያኮራ ቁጥር ይነገረናል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ1987 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሴቶቹ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1992 ዓ.ም. 42 ገቡ። በ1997 ዓ.ም. 117፣ በ2002 ዓ.ም. 152፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ከ547ቱ መቀመጫ 212ቱ የሴቶች ሆነ። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ከመቶ 40 አልፈዋል። ዴሞክራሲ እናስተምራችሁ የሚለን የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በዚህ ነገር ገና ከመቶ 30 አልደረሰም።

ቁጥሩ እውነት ነው፤ እኔም አልንቀውም። ግን ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ የዘለለው የገጠር ሴት ድንገት ተነሥታ ወንዶቹን ስለረታች አይደለም። ኢሕአዴግ ከዕጩዎቼ 30 በመቶው ሴቶች ይሁኑ ብሎ ስለወሰነ ነው። በእኛ አመራረጥ አንድ የምርጫ ክልል የሚልከው አንድ ሰው ነው። ገዥው ፓርቲ እንደሚያሸንፍ በታወቀበት ክልል ማን ዕጩ ይሁን የሚለው ካለቀ ሌላው ሁሉ አለቀ ማለት ነው። ሴቷ ማሳመን የነበረባት መራጩን ሳይሆን ዕጩ መልማዩን ኮሚቴ ነው። እውነቱን ለመናገር ወንዱም ከዚህ የተለየ መንገድ አልሄደም። እሱን ግን «በኮታ ነው የገባኸው» የሚለው የለም።

ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሲሆኑ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። የጎንደሩ ከንቲባ የገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ ስዊዘርላንድ ተምረዋል፣ ጣሊያን አሲናራ ደሴት አስሯቸዋል፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል። በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። የአባት ስምና ትምህርት እንደረዳቸው አይካድም። ድምፁን ግን ሰው ፊት ቆመው ጠይቀው ነው ያገኙት። በ1950 የተመረጡት አንዲት ሴትና በ2007 የተመረጡት 212 ሴቶች የሄዱበት መንገድ አንድ አይደለም፤ ቁጥሩን ብቻ የሚያወራ ሰው ይህን ይዘለዋል።

የሥልጣን ሴት ለእኛ ለቤጌምድር ሰዎች እንግዳ አይደለችም። ራስ አሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ሲገዙ እናታቸው እቴጌ መነን ሊበን አመዴ ጎንደር ላይ ነበሩ፤ ጦር አስከትተው ከቋረኛው ካሣ ጋር የገጠሙትም እሳቸው ናቸው። ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት ራስ ጉግሣ ወሌ ደግሞ የንግሥት ዘውዲቱ ባል ነበሩ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። ታላላቅ ሴቶች ናቸው። ግን አንዷን ልጇ፣ አንዷን አባቷ ናቸው ዙፋን አጠገብ ያደረሷት። ጎረቤቶቿ መርጠዋት ሥልጣን የያዘች ሴት በዚህ ደጋ ታሪክ ውስጥ ፈልጉ ብትሉኝ ብዙ እደክማለሁ።

የጎረቤት ምርጫ ያልኩት በምክንያት ነው። ገሳይ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ ስንሄድ የምናገኛት፣ የጉና ብርድ የሚወርድባት ከተማ ናት። በገበያዋ ቀን ድንቹን ስትመዝን፣ ገብሱን ስትሰፍርና ከነጋዴ ጋር ስትከራከር የምትውለው ሴቷ ናት። እቁብ ትሰበስባለች፣ የእድር ብር ትይዛለች፣ ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦችን አስታርቃ ታሳድራለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሴት ናት፤ ገጠሩ ከማንም የመንግሥት ሰው ይልቅ የሚያውቀው እሷን ነው። ይህች ሴት ብትወዳደር ቀበሌው ስሟን ያውቃል። አዲስ አበባ ላለው የተወካዮች ምክር ቤት ብትወዳደር ግን ስሟን የሚያውቀው ከምርጫ ክልሉ አንዱ ጥግ ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚያሳውቅላት ፓርቲው ነው፣ ከፈለገ።

አንድ ጊዜ፣ ቦታውን ልተወውና፣ በዚሁ ደጋ የአንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጫለሁ። አጀንዳው ማዳበሪያ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በአንድ በኩል ሰብሰብ ብለዋል። አንዲት ጠና ያሉ እናት እጃቸውን አወጡ። «የምንጩ አጥር ከወደቀ ሰነበተ። ከብቱ እየገባ ይጠጣል፣ ልጆቻችንም ያንኑ ውኃ ይጠጣሉ» አሉ። ሊቀመንበሩ በትሕትና «እትዬ፣ እሱን ልዩ ልዩ ላይ እናየዋለን» አላቸው። ልዩ ልዩ ላይ ሳይደረስ መሸ፤ የሚታለብ ላም ያላቸው ሴቶችም አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ስለ ምንጩ አንድም ነገር የለበትም። «ሴቶች በንቃት ተሳትፈዋል» የሚል ግን ነበረበት።

ሕንዶች እዚህ ላይ የሚያስቀና ነገር አድርገዋል። በ1985 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ከመንደር ምክር ቤት መቀመጫዎችና ሊቀመንበርነቶች ሲሶውን ለሴቶች ለዩ፤ ሊቀመንበርነቱ በዙር ስለሚዳረስ የትኛው መንደር መቼ ሴት እንደሚመራ የማንም ምርጫ አልነበረም። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይና ኤስተር ዱፍሎ የተባሉ ተመራማሪዎች ዌስት ቤንጋልና ራጃስታን ሄደው ሁለቱን ዓይነት መንደሮች ሲያነጻጽሩ፣ ሴት በመራችባቸው ለመጠጥ ውኃ የሚወጣው ገንዘብ በልጦ ተገኘ። ውኃው ከልዩ ልዩ ወጥቶ አንደኛ አጀንዳ ሆነ ማለት ነው። ያውም በኮታ በገቡ ሴቶች። ስለዚህ ኮታ ራሱ አይደለም የሚያስከፋኝ። እዚያ ኮታው መንደር ወረደ፤ የእኛው ግን ፓርላማ ላይ ቆሞ ቀረ።

ቆሞ ቀረ ስል ጭራሽ አልተሞከረም ማለቴ አይደለም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ ሲካሄድ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባል እንዲኖራቸው ተደርጎ፣ ኢሕአዴግ ግማሹን ወንበር ለሴቶች አደርጋለሁ ብሎ ነበር። 300 ሰው የተሰበሰበበት የቀበሌ ምክር ቤት ምን ይወስናል? አጨብጭቦ ይበተናል እንጂ። ቢሆንም በሀገሪቱ ሙሉ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ገበሬ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸው በተመራጭነት ተጻፈ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ሌላ ዙር ተካሄደ። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር ድምፅ የሰጠነው ለተወካዮችና ለክልል ምክር ቤቶች ብቻ ነው። ቀበሌና ወረዳን የሚያስታውስ ጠፋ። በ2005 ዓ.ም. 18 ዓመት ያልሞላት የገሳይ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ሆናለች፤ የቀበሌዋን ምክር ቤት ግን አንድም ቀን መርጣ አታውቅም።

በዚሁ መሀል የክልላችን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ከወርቅሰሙ ማሞ ወደ ፋንቱ ተስፋዬ፣ ከሴት ወደ ሴት ተሻገረ። ጥሩ ነው። ባሕር ዳር መድረኩን ሴት ትመራዋለች፤ በዚያው ክልል ቀበሌ ግን የምንጩ ነገር ዛሬም ልዩ ልዩ ላይ ነው።

ሕግ ከታች ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ በዓይናችን አይተናል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም አብሮ ይጻፍ፣ ፎቷቸውም ጎን ለጎን ይለጠፍ አለ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩን ከሙዳይዋ አውጥታ ፍርድ ቤት የምታሳይ ሚስት፣ «መሬቱ የእኔ ነው» የሚልን ባል በፎቶዋ ታስቆመዋለች። ማንም ኮታ ብሎ አልሰደባትም። ወደ ታች ወረድ ብለን ፎገራ ስንደርስም ሕግ ሳያዛት ከራሷ የጀመረች አውራ አምባ አለች። በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተች፣ ወንዱ የሚጋግርባት፣ ሴቷ የምታርስባት መንደር ናት። ከሩቅ ሀገር ሊጎበኟት ይመጣሉ። እኛ የደብረ ታቦር ሰዎች በደጃፏ እያለፍን ባሕር ዳር እንመላለሳለን።

«በዚህ ጊዜ ምን ምርጫ ታወራለህ?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ክልላችን ጦርነት ውስጥ ነው፤ ወንዱ እንኳ ከከተማ ከተማ ሲሄድ ለቤተሰቡ ተናዝዞ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሴት ዕጩ በዚህ መንገድ ቅስቀሳ ትውጣ አልልም። ሰላሙ ሲመጣ ግን ተሯሩጠን የምንሞላው የአዲስ አበባውን ወንበር እንደሚሆን ከወዲሁ ስለሚታየኝ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ የሚሰማኝ ካለ፣ ቀበሌው አብሮ ይመረጥ። ወንበሩ 300 ሳይሆን ሠላሳ ይሁን፤ ግማሹ የሴቶች ይሁን፤ ስብሰባውም ላም በማይታለብበት ሰዓት ይጠራ። ሊቀመንበርነቱን ወንዶቹ ለጊዜው ለሴት አንሰጥም ካሉ፣ ጸሐፊነቱን ይስጧት። አጀንዳ የሚመዘግበውም፣ ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውም ጸሐፊው ነውና፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች አንዲት የገሳይ ልጅ እስክሪብቶውን ትያዝ። ምንጩ አንደኛ ተራ ላይ ይጻፋል።