ሲኒማ የሁለት ሰዎችን ጠብ እንዴት እንደሚያሳይ

በቀድሞው የአገራችን የዳኝነት ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ፥ ቁራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሳይዋደዱ በአንድ ጨርቅ የታሰሩትን እነዚህን ሁለት ሰዎች ያየ መንገደኛ፥ ነገራቸውን ሳይሰማ ባለጋራ መሆናቸውን ያውቅ ነበር። ሲኒማ የሚባለው ጥበብም የሁለት ሰዎችን ጠብ የሚያስረዳው እንዲሁ ነው፤ ይኸውም ከቃል አስቀድሞ ለዓይን በመናገር ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ዛሬ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ልጆች ማታ ማታ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ፊልም ያያሉ፤ ወላጆችም አብረው ተቀምጠው ይመለከታሉ። ካዩ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ማን አሸነፈ?» የሚለው ብቻ ነው። እኛ ግን «ጠቡን ያሳወቀን ምንድር ነው?» ብሎ መጠየቅ ለቤተ ሰብ የበለጠ ይጠቅማል ብለን ስላሰብን፥ ዋና ዋናዎቹን መንገዶች ባጭሩ እንገልጻለን። ዓመቶቹንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

መጀመሪያው መንገድ ርቀት ነው። አሜሪካዊው ኦርሰን ዌልስ በ1941 ዓ.ም. ባወጣው «ሲቲዝን ኬን» በተባለው ፊልም፥ የአንድ ባልና ሚስት ፍቅር እንዴት እንደ ቀዘቀዘ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሳይቷል። ባልየው የጋዜጣ ባለቤት ነው። በመጀመሪያው ቁርስ ላይ ሁለቱ ተቀራርበው በፍቅር ይነጋገራሉ። ከዚያ በኋላ ቁርስ በቁርስ እየተተካ ዓመታቱ ያልፋሉ፤ ልብሳቸው ይለወጣል፥ ንግግራቸውም ያጥራል፥ ይሻክራልም። በመጨረሻ በረጅሙ ገበታ በሁለት ጫፍ ተቀምጠው ዝም ይላሉ፤ ሚስቲቱም የባልዋን ጋዜጣ ትታ የተፎካካሪውን ጋዜጣ ታነባለች። እጁን ያነሣ ማንም የለም፤ ነገር ግን ትዳሩ መፍረሱን ተመልካች ሁሉ ያውቃል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር፥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ይህን በቀላሉ ሊፈትነው ይችላል። ካሜራውን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ ሽቅብ ቢያነሣ ፈረሰኛው እጅግ ግዙፍ ሆኖ ይታያል፤ ከጉብታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ቢያነሣው ግን ያው ፈረሰኛ በሜዳው ላይ ያንሳል። የተለወጠው ፈረሰኛው ሳይሆን የተመልካቹ ስፍራ ነው።

ኃይሌ ገሪማ በ1976 ዓ.ም. በወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በተባለው ጥቁርና ነጭ ፊልሙ ከፍታን ለብርቱ ነገር ተጠቅሞበታል። ባለርስቱ ከፍ ባለው ስፍራ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከበታቹ ያሉትን ሲቆጣ ይታያል፤ ጭሰኞቹም በሰፊው መሬት ላይ ከሩቅ አንሰው እየታዩ ይሠራሉ። ስለዚህ አንዱ በሌላው ላይ ያለው ሥልጣን በወንበርና በመሬት ተገለጠ። በመጨረሻ መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እንደ እብድ የሚቆጥረው አንድ ሰው ባለርስቱን በዱላ መትቶ ሲገድለው፥ ነገሩ ለተመልካች ድንገተኛ አይመስለውም፤ በደሉ ቀስ በቀስ በዓይኑ ፊት ሲከማች ቆይቷልና።

ሦስተኛው መለያየት ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሥዕል አብረው መታየታቸው ይቀርና አንዱ ሲናገር የርሱ ፊት ብቻ፥ ሌላው ሲመልስ የዚያኛው ፊት ብቻ እየተፈራረቀ ይታያል። አንዱ ወደ ቀኝ ሲያይ ሌላው ወደ ግራ እንዲያይ ይደረጋል፤ ካሜራውም በሁለቱ መካከል በሐሳብ የተሠመረውን መስመር እንዳይሻገር ይጠነቀቃሉ፤ ቢሻገር ተመልካቹ ማን በየት በኩል እንደ ቆመ ይደናገራልና። ጠቡ ሲበረታ ፊቶቹ እየቀረቡ ይመጣሉ፥ መፈራረቁም ይፈጥናል። ዕርቅ ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱ እንደገና በአንድ ሥዕል ውስጥ ይገባሉ። ይህም ጠበኞችን ለየብቻ ሰምተው በመጨረሻ ጉልበት ለሚያሳስሙት ሽማግሌዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም።

አራተኛው፥ ለቤተ ሰብም ከሁሉ የሚበልጠው፥ ዝምታ ነው። ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» የተባለው ፊልም በ2015 ዓ.ም. በካን ከተማ በሚደረገው የፊልም በዓል ይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም የተባለ ልጅ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከነበጉ ከዘመድ ቤት ይቀመጣል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ግን ወንድ ልጅ እርሻ እንጂ ማጀት አይገባውም ይላል፥ በጉም ለበዓል እንዲታረድ ይወስናል። በባህላችን ልጅ ለታላቁ መልስ አይሰጥምና ኤፍሬም የሚሟገትበት ቃል የለውም። ፊልሙ ግን ከልጁ ጋር ይቆያል፤ ፊቱንና ከበጉ ጋር ያለውን ወዳጅነት ያሳየናል። እንዲህም በመሆኑ በሸንጎ ቦታ የሌለው ልጅ ክርክሩን ሳይናገር እንሰማዋለን።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ የምንጽፍ ሰዎች እንደምናውቀው፥ የአንድ ወገን ቃል ብቻውን ሲነበብ ሁልጊዜ እውነት ይመስላል። ካሜራም እንዲሁ ነው፤ በቀረበበት ሰው በኩል ልባችንን ያዘነብለዋል። የኤፍሬም አጎትም ቢሆን በችግር ላይ እህል የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ያለበት ገበሬ ነው፤ ጭንቀቱን ሳይመለከት የፈረደበት ሰው ፍርዱ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር ፊልም ባዩ ጊዜ «ካሜራው በማን ወገን ቆሞ ነበር? ፊቱን አጥርተን ያላየነው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። በዚህ የለመደ ልጅ ነገ በሥራ ቦታም ሆነ በሽምግልና የቀረበለትን ሳይሆን ያልቀረበለትን ወገን ይፈልጋል። የቤት አባወራና እመቤትም በገበታቸው ዙሪያ ማን ከማን እንደ ራቀ፥ ማን ዝም እንዳለ አስተውለው፥ ጠቡ ቃል ሳያወጣ በፊት ዝም ያለውን ጠርተው እንዲያነጋግሩ እናሳስባለን።